የ«አይሆንም» ደብተር፦ ነባር ድራማ ለምትረከቡ ጸሐፊዎች

ለዓመታት የተላለፈ ድራማ ከጀማሪው ደራሲ እጅ ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚሰጋው ለታሪኩ ነው። ታሪክ ግን አይጠፋም። የተካደው ውርስ፣ የፈረሰው ትዳር፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጅ፣ ሁሉም በስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የሚጠፋው ያልተጻፈው ነው፤ ደራሲው በየሳምንቱ ወረቀቱን እያገላበጠ «አይሆንም» ያለው ነገር። ይህ ሰው እንዲህ አይናገርም። ይቺ ሴት እዚያ ቤት አትገባም። ይህ ጠብ በሦስት ቀን አይበርድም። ደራሲው ሲሄድ ይህ ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ መሄዱንም የምታውቁት ዘግይታችሁ ነው።

እኔ ያወቅሁት በጎረቤቴ አፍ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የክፍያ በር ሩቅ አይደለም፤ ነፋሱ የተዘጋ መስኮት ያንኳኳል። እንጀራዬ የሬዲዮ ድራማ መሆኑን ለሕንፃው ሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። ድራማውን የጀመሩት ጋሼ (በስቱዲዮው ያለን ሁሉ የምንጠራቸው እንዲሁ ነው) ስምንት ዓመት ብቻቸውን ሲጽፉት ኖረው ዐይናቸው ስለደከመ በ2009 ዓ.ም. አቆሙ። እስከዚያ ድረስ የእኔ ሥራ የእጅ ጽሑፋቸውን በኮምፒውተር መልቀም ነበር። ጽሑፋቸውን የማንበብ ችሎታ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል ወንበሩ ለእኔ የተሰጠው። በአምስተኛው ሳምንት ታችኛው ፎቅ ቡና ተጠርቼ ስገባ ሬዲዮው ተከፍቷል። ክፍሉ ሲያልቅ ጎረቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «እኔ እምለው፣ ልብስ ሰፊውን ምን ነካው? ታሟል እንዴ?» አለች።

ልብስ ሰፊው በዚያ ክፍል ልጁን ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ያውም እያለቀሰ። ስጽፈው እኔም አልቅሻለሁ። በስምንቱ ዓመት ውስጥ ግን «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከዚህ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሲበድል፣ የበደለውን ሰው ልብስ ሳይጠየቅ ይጠግናል፣ ይተኩሳል፣ በሩ ላይ ሰቅሎለት ይሄዳል። በቃ። ስምንት ዓመት ስለቅመው የኖርሁት እኔ አላስተዋልሁትም፤ ስንዴ እየለቀመች የምታዳምጠው እሷ አስተውላዋለች።

ስለዚህ አዲስ ታሪክ ከማሰባችሁ በፊት «አይሆንም» የተባለውን ሁሉ የምትጽፉበት ደብተር ግዙ፤ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ፣ ቦርሳ ውስጥ የማይቀደድ። ደራሲው በሕይወት ካሉና በር ከከፈቱላችሁ ሂዱ። «የድራማው ሕግ ምንድን ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። እኔ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ምን ሕግ አለው፣ ሰውየውን ማወቅ ነው» የሚል ነው። እውነታቸውን ነው፤ ለእኔ ግን አልረዳኝም። የረዳኝ ሌላ መላ ነው። ሆን ብዬ የተበላሹ አምስት ትዕይንቶች ጻፍሁና ዱከም ቤታቸው ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ «ኧረ አይሆንም!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይቆጣሉ። በአራት ቅዳሜ አርባ ሦስት «አይሆንም» ለቀምሁ። ምርቃታቸውንም ያገኘሁት የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እውነት እንደዚያ የምጽፍ መስሏቸው አዝነውብኝ ነበር።

እያንዳንዱን ስትጽፉ ምክንያቱን አጠገቡ አስፍሩ። እኔ «ልብስ ሰፊው ቡና አይጠጣም» የሚለውን ከድሮ ክፍሎች አግኝቼ እንደ ትልቅ ምሥጢር ይዤው ሄድሁ፤ ስእለት ይሆናል፣ የሞተች ሚስቱን አስቦ ይሆናል ብዬ። ጋሼ ሳቁ። ተዋናዩ ሲኒ ሲይዝ እያፏጨ ይጠጣና ድምፁ ማይክሮፎኑን ያበላሸው ስለነበር ቡናው ከስክሪፕቱ ወጣ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የገጸ ባሕርይው የሆነውንና የስቱዲዮውን ችግር ካልለያችሁ ለማይክሮፎን ስትሰግዱ ትኖራላችሁ።

ደራሲው ካረፉ ወይም ተኳርፋችሁ ከሆነ ድሮ የተላለፉትን ማዳመጥ ነው። በሳምንት አንድ ክፍል ለስምንት ዓመት ሲተላለፍ ከአራት መቶ ያልፋል፤ ሁሉን አትችሉትም። የመጀመሪያዎቹን አሥር፣ ከዚያ ደግሞ ከሠርግ፣ ከሐዘን፣ ከእስር ቀጥለው የመጡትን ክፍሎች ምረጡ። በሠርጉ ቀን ሁሉም ሰው ይጨፍራል፤ ጠባዩ የሚታየው በማግሥቱ ዕቃ ሲታጠብ ነው።

በማዳመጥ ጊዜ ከሁሉ በላይ ጆሯችሁን በመጠሪያ ላይ ጣሉ። ማን ማንን «ጋሼ» ይላል፣ ማን «እትዬ» ይላል፣ ማን በስም ብቻ ይጠራል፣ ማን ለማን አንቱታ ይሰጣል፤ በሠንጠረዥ ጻፉት። እዚህ ላይ የሚዘናጋ ተረካቢ ብዙ አይቻለሁ። በቋንቋችን ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መውረድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ወይ ፍቅር ነው ወይ ንቀት ነው፣ መሀል የለውም። አማቷን ስድስት ዓመት «እርስዎ» ስትል የኖረች ሙሽራ ጸሐፊው ስለረሳ ብቻ አንድ ረቡዕ «ነይ ቡና ጠጪ» ብትል አድማጭ ቀጣዩን ሳምንት ጠብ ሲጠብቅ ያሳልፋል። ጠቡ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ እምነቱ ከእናንተ ላይ ይነሣል። ጋሼ ይህን ለውጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመውበታል፤ እናት በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ልጇን «እርስዎ» ያለችበት ክፍል ነው። አሁንም ስሰማው ይነዝረኛል።

ያለፈውን አትንኩ። ሰዎቹ ወደፊት የፈለጉትን ይሁኑ፤ የሆነውን ግን አልሆነም አትበሉ። አሜሪካዊቷ ደራሲ አግነስ ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1970 በጀመሩት «ኦል ማይ ችልድረን» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ኤሪካ ኬን የተባለችው ገጸ ባሕርይ በ1973 ጽንስ ታስወርዳለች፤ በዘመኑ በቴሌቪዥን እምብዛም ያልተደፈረ ነገር ነበር። ኒክሰን የዕለት ጽሕፈቱን ለሌሎች ከለቀቁ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ታሪኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሞላው፣ ተረካቢዎቹ ጽንሱ አልወረደም፣ ሐኪሙ ወደ ሌላ ሴት ማሕፀን አዛውሮት ነበር ብለው ጎልማሳ ልጅ ይዘው መጡ። ልጁን የፈለጉት ለአዲስ ታሪክ ነው፤ ያጠፉት ግን ሴትዮዋን ሴትዮ ያደረጋትን ውሳኔ ነው። ሱዛን ሉቺ ኤሪካን ከ1970 እስከ 2011 ተጫውታታለች። እንዲህ ያለ ተዋናይ በእጃችሁ ካለች ከማንኛውም ማኅደር በፊት እሷን ጠይቁ። ሁሉን እሽ አትበሏት፤ ተዋናይ ደግሞ የራሱን ገጸ ባሕርይ ቅዱስ ማድረግ ይወድዳል።

ጀማሪው ይመለስልን የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መመለስ ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም። ኢርና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1930 በቺካጎ ሬዲዮ የመጀመሪያው የሚባለውን የዚህ ዓይነት ተከታታይ ድራማ የጻፉ ሴት ናቸው፤ ጣቢያውን ሲለቁ ድራማው የእኔ ነው ብለው ተከራክረው ተረትተዋል፣ ጣቢያውም በሌላ ሰው እጅ አስቀጠለው። (ውላችሁን አንብቡ፤ ሌላ የምለው የለኝም።) በ1956 «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ፈጠሩ፣ ከዓመታት በኋላ ሊያድኑት ተመልሰው መጡ፣ በ1973 ግን ከራሳቸው ድራማ ተባረሩ። የሄደ ደራሲ ሲመለስ የሚያስታውሰው የተወውን ቤት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሰው ሲኖርበት ቆይቷል።

በተቃራኒው የእንግሊዙን የቴሌቪዥን ድራማ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ተመልከቱ። ቶኒ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀምረው የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ ጽሕፈቱ ቶሎ ወደ ሌሎች እጅ ገባ፣ ድራማው ግን እስከ ዛሬ አለ። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ ዋረን ያስረከበው የአንድ ቤተሰብ ምሥጢር ሳይሆን አንድ መንገድ፣ አንድ መጠጥ ቤትና የሰሜን እንግሊዝ አነጋገር መሆኑ ነው። ምሥጢር ያልቃል፤ አነጋገር አያልቅም። በአገራችንም «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ የተከተለው ዘዴ ከሜክሲኮው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ የመጣ ነው፤ በዚህ ዘዴ የበጎውን፣ የክፉውንና የመሀል ሰፋሪውን ገጸ ባሕርይ አቋም ጽፎ መጀመር ግዴታ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ያለው ድራማ ለተረካቢ ይቀልላል። የእኛ አልነበረውም፤ ደብተሩን ያመጣውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማንንም አትግደሉ። አዲስ ጸሐፊ ሲመጣ የመኪና አደጋ ይበዛል፤ መርሳት በሽታ፣ ዲቪ፣ መንታ ወንድም ይከተላሉ። የማታውቁትን ሰው ማስወገድ ከማወቅ ይቀልላልና። ማስታወቂያ ሰጪው «ፍጥነት ይጨመር» ሲል ትዕይንቱን አሳጥሩ እንጂ ሰውየውን አትለውጡ፤ ልብስ ሰፊው ሱሪውን በሁለት ገጽ ሳይሆን በግማሽ ገጽ ቢጠግን ማንም አይቆጣም።

ደብተሩ የዘላለም አይደለም። አንድን «አይሆንም» ለመጣስ ስትወስኑ አትፋቁት፤ በአንድ መስመር ሰርዙት፣ አጠገቡ ቀኑንና ለምን እንደሆነ ጻፉ። የእኔ ደብተር ውስጥ ሰባት ተሰርዘዋል። ስድስቱን ጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባተኛው የልብስ ሰፊው ነው፤ በሦስተኛው ዓመቴ ይቅርታ አስጠየቅሁት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሞተው የልጅነት ጓደኛው፣ መቃብር ላይ፣ የሚጠግንለት ልብስ ስለሌለ። ሐሙስ ጠዋት ደረጃ ላይ ያገኘኋት ጎረቤቴ ስለ ድራማው ምንም አላለችኝም። ውኃ መጥቷልና ጀሪካንሽን አውርጂ ብቻ አለችኝ።