ተኩስ ሲሰማ ፖሊሱ ይገባል ወይስ ይጠብቃል? በአሜሪካ ልጅ ለሚያስተምሩ ወላጆች የማጣሪያ መንገድ

ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ ቢነሳ ፖሊስ ሕይወቱን ሰጥቶም ቢሆን ይገባል ብሎ የማያምን ወላጅ የለም። ማመኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይህን ግዴታ በፖሊስ ላይ አይጥልም። ግዴታው ካለ በአብዛኛው የሚገኘው በአካባቢዎ ፖሊስ መምሪያ የውስጥ መመሪያ ውስጥ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ስለዚህ ጉዳዩን ዛሬውኑ፣ በጽሑፍ ማጣራት ያስፈልጋል። ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠየቅና መልሱ እንዴት እንደሚነበብ እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሕጉን ይወቁ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ዴሻኒ በተባለው መዝገብ፣ መንግሥት አንድን ሰው ከሌላ ግለሰብ ጥቃት ባለመጠበቁ ብቻ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል አይባልም ሲል ወሰነ። በ2005 ደግሞ የካስል ሮክ ጉዳይ መጣ። ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት እናት የፍርድ ቤት የእገዳ ትዕዛዝ በእጇ እያለ፣ ተለያይታው የነበረው ባሏ ሦስት ሴት ልጆቿን ይዞ ሲሰወር ፖሊስን ደጋግማ ለመነች፤ ልጆቹ ተገደሉ። ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ ከተማውን በሕገ መንግሥቱ መክሰስ አትችይም አላት።

መንግሥት የመጠበቅ ግዴታ የሚኖርበት ሰውየውን ራሱ በቁጥጥሩ ሥር ሲያውለው ነው፤ እንደ እስረኛ ማለት ነው። ተማሪ በሕግ ተገዶ የሚማር ቢሆንም በዚህ አይመደብም። በየካቲት 2018 ፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ ውስጥ 17 ሰዎች ሲገደሉ የትምህርት ቤቱ የታጠቀ ፖሊስ ውጭ ቆሞ ነበር። ተማሪዎቹ በፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረቡት ክስ ውድቅ ሆነ፤ ፖሊሱም በወንጀል ተከሶ በ2023 ነፃ ተባለ።

ወላጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። መቁረጥ የለባቸውም። ክስ ልጅ ከሞተ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ፖሊሱን በዚያች ደቂቃ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሥልጠናው ነው፤ ሥልጠናውን የሚቀርጸው ደግሞ መመሪያው ነው። መመሪያ የጣሰ ፖሊስ በወንጀል ባይፈረድበት እንኳ ከሥራ ሊባረር ይችላል።

መመሪያውን እጅዎ ያስገቡ

አስቀድመው ትምህርት ቤቱ በየትኛው ፖሊስ ሥር እንዳለ ይለዩ። የከተማ ፖሊስ፣ የካውንቲ ፖሊስ፣ ሸሪፍ፣ ወይም እንደ ቴክሳስ ባሉ ቦታዎች የትምህርት ዲስትሪክቱ የራሱ ፖሊስ ሊሆን ይችላል። በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ የዲስትሪክቱ ፖሊስ ስድስት ሰው ብቻ ነበር፤ በ2022 ትምህርት ቤት ውስጥ የተኩስ ጥቃት በደረሰ ቀን ግን ከብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጣ ፖሊስ ተሰበሰበ፤ አዛዡ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ከአንድ በላይ ፖሊስ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ የሁሉንም መመሪያ፣ በመካከላቸው ያለውን የትብብር ስምምነትም ጭምር ይጠይቁ።

ብዙ መምሪያዎች መመሪያቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ አንዱ ነው። «ጄኔራል ኦርደርስ» ወይም «ፖሊሲስ» የሚለውን ከፍተው «አክቲቭ ሹተር» ወይም «አክቲቭ ትሬት» ብለው ይፈልጉ። ካላገኙ በክፍለ ግዛቱ የመረጃ ነፃነት ሕግ በኢሜይል ይጠይቁ። ቨርጂኒያ በ5 የሥራ ቀን፣ ቴክሳስ በ10 የሥራ ቀን፣ ዲሲ በ15 የሥራ ቀን፣ ሜሪላንድ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ያዛሉ። በሜሪላንድ ሰነድ ለመፈለግ የሚወስደው የመጀመሪያው 2 ሰዓት ክፍያ የለውም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በጥቅሉ «የደህንነት ዕቅዳችሁን ላኩልኝ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሚስጥር ነው የሚል መልስ ይደርሰዋል፤ የሕንፃ ካርታና የፖሊስ የምላሽ ስልት በሕግም ሊከለከል ይችላል። እርስዎ ስልቱን አይፈልጉትም። ጥያቄዎን በእነዚህ ይወስኑ፦ መጀመሪያ የሚደርስ ፖሊስ የመግባት ግዴታውን የሚደነግገው አንቀጽ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሰጠው የተኳሽ ምላሽ ሥልጠና በሰዓትና በሠልጣኝ ብዛት፤ ከትምህርት ዲስትሪክቱ ጋር የተፈረመው ስምምነት።

«ሜይ» ነው ወይስ «ሻል»?

ሰነዱ ሲመጣ ይህችን ቃል ይፈልጉ። የፓርክላንድን ጥቃት ያጣራው የፍሎሪዳ ኮሚሽን እንዳገኘው፣ የብሮዋርድ ካውንቲ ሸሪፍ መመሪያ በጊዜው የሚለው ፖሊሱ መግባት «ይችላል» ነበር። በእንግሊዝኛው «ሜይ» ነው። ኮሚሽኑ የተቸው ይህንኑ ነው፤ «ይችላል» ያልከው ፖሊስ አለመግባትም ይችላል። «ሻል» ወይም «መስት» ከሆነ ግን ግዴታ ነው፤ በአማርኛ «መግባት አለበት» ማለት። «ሹድ» በሁለቱ መካከል ያለ ምክር ስለሆነ አይጠቅምዎትም።

ቃሏን ካገኙ በኋላ በአንቀጹ ዙሪያ ያለውን ያንብቡ። ብቻውን የደረሰ ፖሊስ ይገባል ይላል? በ1999 ኮሎራዶ ውስጥ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ጥቃት ሲደርስ የነበረው አሠራር ሕንፃውን ከቦ ልዩ ኃይል መጠበቅ ነበር። ልዩ ኃይሉ እስኪገባ ብዙ ደቂቃ አለፈ፤ የቆሰለ አንድ መምህር ደሙ ለሰዓታት ሲፈስ ቆይቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ አራት ፖሊስ ተሰብስቦ ይግባ ተባለ። ቀጥሎም ሁለት። ዛሬ ተቀባይነት ያለው ሥልጠና አንድም ቢሆን ድምፁን ተከትሎ ይግባ ይላል። «በቂ ኃይል ሲሟላ» የሚል ሐረግ ካዩ መመሪያው አሮጌ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው የሚያነቡት፣ ተኩሱ ሲቆምስ ምን ይደረጋል የሚለውን ነው። ዩቫልዲ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ተኳሹ በገባ በሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሕንፃው ውስጥ ነበሩ። ወደ ክፍሉ ሲጠጉ ተተኮሰባቸውና ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ በኋላ ነገሩ «በር ዘግቶ የተቀመጠ ሰው» ተብሎ ተያዘ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ፖሊስ በትዕግሥት እያነጋገረ ይጠብቀዋል። ውስጥ ግን ልጆች ነበሩ፤ ከክፍሉ ሆነው 911 እየደወሉ ፖሊስ ላኩልን ይሉ ነበር። መልእክታቸው ኮሪደሩ ላይ ለቆሙት ሁሉ አልደረሰም። ሰው ቁልፍ ይፈልግ ነበር፤ በሩ በትክክል የተቆለፈ እንዳልነበረ ምርመራው ያመለክታል፤ ማንም እጀታውን አልሞከረም። ከ370 በላይ ፖሊስ ባለበት 77 ደቂቃ አለፈ። 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ።

ስለዚህ መመሪያው በግልጽ እንዲህ ማለት አለበት፦ ውስጥ የቆሰለ ወይም የተያዘ ሰው ካለ፣ ተኩስ ቢቆምም አደጋው እንደቀጠለ ይቆጠራል፤ መጠበቅ አይፈቀድም። ጭኑ ላይ ትልቁ የደም ሥር የተመታ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሠልጣኞች የሚማሩት የቅደም ተከተል ሕግም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ንጹሐን፣ ቀጥሎ ፖሊስ፣ በመጨረሻ ተኳሹ። የቴክሳስ የትምህርት ቤት ፖሊስ ማሠልጠኛ ጽሑፍ ከዩቫልዲ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የንጹሐንን ሕይወት ከራሱ ደህንነት ማስቀደም የማይፈልግ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ ብሎ ነበር። ጽሑፍ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው።

ሥልጠናና ዕቃ

«ሠልጥነዋል» የሚለውን መልስ አይቀበሉ። ስንት ሰዓት፣ መቼ፣ ከፖሊሶቹ ስንቱ? ኤፍቢአይ በ2013 የተቀበለው የቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የተኳሽ ምላሽ ሥልጠና፣ አለርት የሚባለው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱ 16 ሰዓት ነው። ሥልጠናው በክፍል ስላይድ ብቻ ነበር ወይስ እውነተኛ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ ጎረቤት ፖሊስና አምቡላንስ ተጨምሮበት? ተኩስ ባለበት ኮሪደር ላይ የሰው እጅ የሚሠራው የለመደውን ነው።

ስለ ዕቃ ሲጠይቁ ይህን ያስተውሉ። ፖሊስ በየቀኑ የሚለብሰው ለስላሳ ሰደርያ የሽጉጥ ጥይት እንጂ የጠመንጃ ጥይት አያቆምም፤ ለጠመንጃ ጠንካራ ሳህን ያስፈልጋል። በየፓትሮል መኪናው ሳህን፣ ጠመንጃ፣ በር መገንጠያ ብረትና መዶሻ፣ ደም ማቆሚያ ቱርኒኬት አለ ወይ? ነገር ግን መምሪያው «ጋሻ ስለሌለን መግባት አንችልም» ካለ አይቀበሉ። ዩቫልዲ ላይ የመጀመሪያው ጋሻ 20 ደቂቃ ገደማ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ተጠብቋል። ሬዲዮውን ደግሞ ሕንፃው ውስጥ ሞክረውት ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በኮንክሪት ግድግዳ ውስጥ የሚጠፋ ሬዲዮ ብዙ ነው።

በሜሪላንድ ከሆኑ ተጨማሪ ጥያቄ አለዎት። በ2018 የወጣው «ሴፍ ቱ ለርን» ሕግ እያንዳንዱ የሕዝብ ትምህርት ቤት ወይ የራሱ ፖሊስ፣ ወይም «በቂ ሽፋን» እንዲኖረው ያዛል። በቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚመጣው ፓትሮል ከየት ይነሳል፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?

ቁልፍና በር

በመጋቢት 2023 ናሽቪል በሚገኘው ኮቬናንት ትምህርት ቤት የደረሱት ፖሊሶች ልዩ ኃይል አልጠበቁም። ውጭ ያገኟቸው ሠራተኞች ልጆቹ የት እንዳሉ ነገሯቸው፤ በተሰጣቸው ቁልፍ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ከመጀመሪያው የ911 ጥሪ 14 ደቂቃ ውስጥ ተኳሹ ተገደለ። ሦስት ልጆችና ሦስት አዋቂዎች ግን ቀድመው ሞተው ነበር። እዚህ ላይ ቁልፉ ሥራ ሠራ። የእርስዎ ትምህርት ቤት ዋና ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው? ፖሊስ የሚከፍተው የቁልፍ ሳጥን ከውጭ ግድግዳ ላይ አለ? ክፍሎቹ ከውጭም ከውስጥም የሚታይ ቁጥር አላቸው?

ወላጅና መምህር በሚገናኙበት ቀን የክፍሉን በር እጀታ ራስዎ ይዩት። ከውስጥ የሚቆለፍ መሆን አለበት። በ2012 ጥቃት በደረሰበት የኮኔቲከቱ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤትና ፓርክላንድ ላይ መምህራን በሩን ለመቆለፍ ወደ ኮሪደር ወጥተው ቁልፍ ማዞር ነበረባቸው። ተተኪ መምህር ቁልፍ ይሰጠዋል? በሩ እንዳይዘጋ ድንጋይ ወይም ሽብልቅ የሚያደርጉበት ልማድ አለ? ይህን የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው፤ ልጅዎን ይጠይቁ።

መልሱ ደካማ ከሆነ

ወደ ከተማው ምክር ቤት ወይም የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ይሂዱ። የሚሰጥዎት 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሰፊ ንግግር አያድርጉ። ገጹን ከፍተው «ይህ አንቀጽ ‹ሜይ› ይላል፤ ወደ ‹ሻል› እንዲቀየር እንጠይቃለን፤ በየትኛው ቀን ትመልሱልናላችሁ?» ይበሉ። አሥር ወላጅ አብሮ ቢቀመጥ ክብደቱ ሌላ ነው። አስተርጓሚ ከፈለጉ ይጠይቁ፤ ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፖሊሶቹንም በአክብሮት ያነጋግሩ፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ልጆች እዚያው ይማራሉ፤ ግልጽ ትዕዛዝ የሚፈልጉት እነሱም ጭምር ናቸው።

ነገሩ የደረሰ ቀን

ትምህርት ቤቱ «ሴኪዩር» ካለ አደጋው ውጭ ነው፤ የውጭ በር ተቆልፎ ትምህርት ይቀጥላል። «ሎክዳውን» ካለ አደጋው ውስጥ ነው፤ ክፍል ተቆልፎ፣ መብራት ጠፍቶ ዝም ይባላል። ለልጅዎ አይደውሉ፤ ስልኩ ከጮኸ ያጋልጠዋል። ልጁ የጽሑፍ መልእክት ከላከልዎ የክፍሉን ቁጥር፣ የቆሰለ ሰው መኖሩንና ምን እንደሚሰማ ይዘው ለ911 ያስተላልፉ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ስም ይንገሩ፤ ቀጥሎ «አምሃሪክ» ካሉ በስልክ አስተርጓሚ ይፈለግልዎታል።

ወደ ትምህርት ቤቱ በር አይሂዱ፤ የወላጅ መኪና የአምቡላንስ መንገድ ይዘጋል። ልጆች የሚሰጡት በሌላ ቦታ ነው፤ አድራሻው በመልእክት ይመጣል። የፎቶ መታወቂያ ይያዙ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ልጅቱ ሃና ተስፋዬ፣ እናቷ አልማዝ በቀለ ትባላለች፤ መታወቂያ የሚያየው ሠራተኛ ሁለቱን የሚያገናኝ ስም አያገኝም። አያት ወይም አክስት ከሆነች ደግሞ ይብስ። በዚህ ሳምንት የመመዝገቢያ ቅጹን ከፍተው የእናት፣ የአባትና የሚያምኑት የሌላ አንድ ሰው ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል መጻፉን ያረጋግጡ።