የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሀብት ሲጋሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀብት ሊጋሩ የሚችሉ ሁለት ተቋማትን ለምሳሌ ውሰዱ፦ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በደሴ መንገድ፣ ፍቼ ያለው ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ያሉባቸው ዞኖች ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ይባላሉ፤ በመሃል ግን የጀማ ሸለቆ አለ። በተለመደው መንገድ መጽሐፍ ለመላክ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው፤ አንዱ ወገን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሌላው ከ110 ያላነሰ። ትብብርን በመጽሐፍ መዋዋስ መጀመር ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንባቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ምዕራፍ ነው፤ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ስካን ተደርጎ በኢሜይል ቢላክለት በዚያው ቀን ይደርሰዋል።

ያ ማለት መጽሐፉን በሙሉ ስካን አድርጎ ማሰራጨት ይቻላል ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍት የሰጠው ፈቃድ ጠባብ ነው፦ ለጥናት ለጠየቀ ግለሰብ፣ ያለ ትርፍ፣ አጭር ክፍል። ጥያቄውን በጽሑፍ ተቀብሎ ፋይል ማድረግ ይበጃል።

ብዙ ትብብር የሚሰናከለው ግን ካታሎጉ ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ስለጫኑ ብቻ መዝገቦቻቸው ይገጥማሉ ብሎ ማሰብ ትልቁ ስህተት ነው። የደብረ ብርሃን የጤና ካምፓስ የተሰየመበትን የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ስም ውሰዱ። አንዱ ካታሎገር በ«ሥ»፣ ሌላው በ«ስ» ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ያስገባዋል፤ አራተኛው የፈረንጅ ልማድ ይዞ «ወልደየስ፣ አሥራት» ብሎ ይገለብጠዋል። አንድ ሰው አራት ደራሲ ሆነ ማለት ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና በማርክ 21 (የካታሎግ መዝገብ መስኮችን በቁጥር የሚለይ ደረጃ) የ100 መስክ የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሁን፤ ስሙም በራሱ ቅደም ተከተል ይግባ። ሌሎቹ አጻጻፎች በስም መቆጣጠሪያ መዝገቡ 400 መስክ ላይ ይቀመጡ፤ አንባቢው በየትኛውም ቢፈልግ ወደ ዋናው ይመራል።

ለርዕስ ቃላት ደግሞ ሌላ መላ ያስፈልጋል። የኮሃ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫው) በአይሲዩ (የየቋንቋውን ፊደል አያያዝ በሚወስን ሶፍትዌር) የሚሠራ ከሆነ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ደንብ ይጻፍበት፤ በሰባቱም ቅርጽ። «ሃ» እና «ሀ»፣ «ኣ» እና «አ»ም አንድ ሆነው መቆጠራቸው አይረሳ። ደንቡን አስገብቶ ኢንዴክሱን ከዜሮ አለመገንባት ደግሞ የተለመደ ዝንጋታ ነው፤ አሮጌዎቹ መዝገቦች እንደነበሩ ይቀራሉ። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ርዕስ ራሱን ግን አትንኩት፤ በመጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይቆይ።

ዓመተ ምሕረትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ «2012» ተብሎ ብቻ ሲገባ ማሽኑ የፈረንጆቹ 2012 አድርጎ ይወስደዋል፤ ከስምንት ዓመት በፊት ከተጻፉት ጋር ይደረደራል። በ264 መስክ በሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት ከነ«ዓ.ም.»ው ይጻፍ፤ በ008 መስክ ከ07 እስከ 10 ባሉት ቦታዎች ግን የፈረንጆቹ ዓመት ይግባ። ጽሑፉ ሰኔ ላይ የቀረበ ከሆነ 8 ይደመራል፤ ኅዳር ላይ ከሆነ 7።

የቆዩ መመረቂያ ጽሑፎችን ሳይፈትሹ ማጋራትም ሌላው ችግር ነው። በቪዥዋል ግዕዝ (በቀድሞ የአማርኛ መተየቢያ) የተተየበ ሰነድ ፒዲኤፍ ሲሆን ለዓይን ምንም አይጎድለውም። አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ፦ የላቲን ፊደል ትርምስ ከወጣ ሰነዱ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ) አልተጻፈም፤ በአማርኛ ፍለጋ መቼም አይገኝም። የአማርኛ ዳታ በተጫነበት ቴሰራክት (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር) ጽሑፉን እንደገና ማንበብ ይቻላል፤ ቢያንስ አጠቃሎው በሰው ዓይን ይታረም።

የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶችን ፓስወርድ ማዋዋስን በተመለከተ ክርክር የለም፤ አይደረግም። ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ (የምርምር መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች የሚያቀርብ ፕሮግራም) በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት፤ የጤናው ሂናሪም የግብርናው አጎራም እዚያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ጎረቤት ተቋም ራሱ ቢመዘገብ ምንም አይከፍልም። ፓስወርዱ በቴሌግራም ግሩፕ ከተለጠፈ፣ አንድ ሰው በፕሮግራም መቶ መጣጥፍ በአንዴ ሲያወርድ አሳታሚው መግቢያውን ይዘጋል። ግቢው በአንድ አይፒ አድራሻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ እገዳው ምንም ያላጠፋውንም ሁሉ ይነካል።

የጋራ ፍለጋውን በቀጥታ ግንኙነት ላይ ብቻ መመሥረትም አያዋጣም። በዜድ39.50 (የሌላን ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በቀጥታ መፈለጊያ ፕሮቶኮል) ሁሉም ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ፣ አንዱ ጋ መብራት ከሄደ አንባቢው ጊዜው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ያገኘውም ጎዶሎ ነው። የመዝገቦቹ ቅጂ በኦኤአይ-ፒኤምኤች (መዝገቦችን ከየሰርቨሩ መሰብሰቢያ ፕሮቶኮል) ሌሊት ሌሊት፣ የኔትወርኩ መጨናነቅ ሲቀንስ፣ የተለወጠው ብቻ ይሰብሰብ። ሙሉ ፋይሉ ባለቤቱ ጋ ይቀመጥ።

የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ኮሚቴ ማቋቋምስ? ኮሚቴ ኢሜይል አይመልስም። በየቤተ መጻሕፍቱ ጥያቄ የሚቀበል አንድ ባለሙያና አንድ ተተኪ በስም ይመደቡ፤ አድራሻው ግን የግል ኢሜይል ሳይሆን የሥራ ክፍሉ ይሁን፤ ባለሙያው ሲዛወር አድራሻው አብሮት እንዳይሄድ። መልስ የሚሰጥበት ጊዜም፣ ለምሳሌ ሁለት የሥራ ቀን፣ ሰነዱ ውስጥ ይጻፍ፤ «የለንም» የሚለውም መልስ በዚሁ ጊዜ ይድረስ።