የቴሙን ፋይል አትነካኩ
በዎርድፕረስ ድረ ገጽ የምትሠሩ፣ የቴሙን (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነውን የፋይሎች ጥቅል) ፋይል በቀጥታ አትነካኩ። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የርዕሱን ቀለምና የፊደሉን መጠን እዚያው አስተካከልኩ። ከሳምንት በኋላ ቴሙን አፕዴት ሳደርግ ሁሉም ድምጥማጡ ጠፋ። አዲሱ ፋይል የድሮውን ይተካዋላ!

መላው ቻይልድ ቴም ነው፤ ማለትም በዋናው ቴም ላይ ተደግፎ የእናንተን ለውጥ ለብቻው የሚይዝ ቴም። አዲስ ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ውስጡ የሲኤስኤስ (ቀለምና የፊደል መጠን የመሳሰሉትን የሚወስን ኮድ) ፋይል ታስቀምጣላችሁ፣ አናቱ ላይ «ቴምፕሌት» በሚለው መስመር የዋናውን ቴም ፎልደር ስም ትጽፋላችሁ። የፎልደሩን ስም እንጂ የቴሙን መጠሪያ አይደለም፤ እኔን ግማሽ ቀን ያስለፋችኝ ይቺ ናት። አንድ ሁለት ቀለም ለመቀየር ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። «ተጨማሪ ሲኤስኤስ» የሚለው ሳጥን ይበቃል፤ እዚያ የጻፋችሁት ከቴሙ ፋይል ውጪ፣ ዳታቤዝ (የድረ ገጹ መረጃ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚቀመጥ አፕዴቱ አይነካውም።