የሥራ ልብስ እጥበትና ታክስ፦ አውስትራሊያ ለገባችሁ

የዓመቱን የታክስ ቅጽ ስትሞሉ «ለሥራ ልብስ ማጠቢያ 150 ዶላር ተቀናሽ ያለ ደረሰኝ ይጻፋል» ሲባል መስማታችሁ አይቀርም። ግማሹ እውነት ነው። 150 ዶላር ደረሰኝ የማይጠየቅበት ጣሪያ ነው፤ ለሠራተኛ ሁሉ የሚታደል ገንዘብ ግን አይደለም።

መጀመሪያ ልብሱ ይታያል። የሚቆጠረው መልበሱ ግዴታ የሆነ የድርጅቱ ዓርማ ያለበት ዩኒፎርም፣ ከአደጋ የሚከላከል ልብስ (የመጋዘንና የግንባታ ሠራተኞች አንጸባራቂ ሰደርያ) ወይም እንደ ሼፍ ባለ ዳማ ሱሪ ሙያውን ለይቶ የሚያሳውቅ ልብስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ላይ ነው። አለቃችሁ ቢያስገድዳችሁም፣ ከሥራ ውጭ ባትለብሱትም፣ ተራ ልብስ ነውና አይቆጠርም። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ዓርማ ያለበት ቲሸርት በጥቁር ሱሪ የምትለብሱ፣ የሚያዝላችሁ የቲሸርቱ እጥበት ብቻ ነው።

ማሽኑ ውስጥ የገባው የሥራ ልብስ ብቻ ከሆነ በአንድ ዙር 1 ዶላር፣ ከቤት ልብስ ጋር ከተቀላቀለ 50 ሳንቲም ይያዛል። ማድረቁና መተኮሱም እዚሁ ውስጥ ነው። በሳምንት ሁለቴ ለብቻው እያጠበ አራት ሳምንት እረፍት የወጣ ሰው 2 በ48 አባዝቶ 96 ዶላር ይጽፋል፤ ከልጆቹ ልብስ ጋር ከሆነ 48። ብዙዎች እረፍታቸውን ረስተው በ52 ያባዛሉ።

96 ዶላር ጻፋችሁ ማለት 96 ዶላር ተመለሰላችሁ ማለት አይደለም፤ የሚቀነሰው ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ነው። የ30 በመቶ የታክስ እርከን ላይ ላለ ሰው የሚተርፈው 29 ዶላር ገደማ ነው። ለዚህ ብሎ መዋሸት አያዋጣም።

ደረሰኝ አይጠየቅም ማለት ማስረጃ አይጠየቅም ማለትም አይደለም። የአውስትራሊያ ግብር መሥሪያ ቤት (ኤቲኦ) ቁጥሩን እንዴት እንዳገኛችሁት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በሳምንት ስንት ዙር፣ ስንት ሳምንት፣ ለብቻ ወይስ ተቀላቅሎ የሚለውን በሁለት መስመር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዓርማው የሚታይበት የዩኒፎርሙ ፎቶና መልበሱ ግዴታ መሆኑን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ቢኖር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ድራይ ክሊኒንግ ከ150ው ጣሪያ ውጭ ነውና ደረሰኙን ለአምስት ዓመት ያዙ።

አሠሪው ራሱ ካጠበላችሁ ወይም ያወጣችሁትን ከተካላችሁ ምንም አትጽፉም። በፔይስሊፕ (የደመወዝ መግለጫ ወረቀት) ላይ የልብስ ማጠቢያ አበል ካለ ግን አበሉ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፤ የምትቀንሱት በእርግጥ ያወጣችሁትን ነው። የአበሉን ልክ ገልብጦ ተቀናሽ ላይ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

የታክስ ዓመቱ ጁን 30 ያበቃል። ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ ማይጎቭ (myGov፣ የመንግሥት አገልግሎቶች የኦንላይን መግቢያ) ገብታችሁ ማይታክስ (myTax፣ የኤቲኦ የኦንላይን ታክስ ቅጽ) ላይ፣ ተቀናሾች ሥር፣ የልብስና እጥበት ወጪ የሚለው ቦታ ላይ ጽፋችሁ እስከ ኦክቶበር 31 ትልካላችሁ። በታክስ ኤጀንት (ታክስ በክፍያ የሚሞላ ባለሙያ) የምታስሞሉም ከዚያ ቀን በፊት ኤጀንቱ ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ። ኤጀንቱ ምን እንደምትለብሱ ሳይጠይቅ 150 ከሞላ አስቁሙት፤ ለተጻፈው ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።