ፊልሙ አለቀ፣ ልጆቹ ምን ያዙ? ዘጋቢ ፊልምና አኒሜሽን ክፍል ውስጥ ሲያስቸግሩ

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ሰው ሲጎድል ሳይንስም እሸፍናለሁ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ተሸክሜ ክፍል መግባት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ደርሰውብኛል። አንዳንዶቹ በአንድ ቁልፍ ይፈታሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የትምህርት ዝግጅታችንን ራሱን እንድንቀይር ይጠይቃሉ።

ክፍሉ ጸጥ ብሎ አየ፣ ሲጠየቅ ግን መልስ የለም

ይህ ችግር ችግር ስለማይመስል ከሁሉም ይከፋል። ስልሳ ልጅ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትንፍሽ ሳይል ሲቀመጥ ትምህርት የሰመረ ይመስላል። መብራቱን አብርተን “ምን ተማራችሁ?” ስንል “ስለ እሳተ ገሞራ” ይላሉ። “ስለ እሳተ ገሞራ ምን?” ስንል ያው ጸጥታ ይመለሳል።

መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጁ ፊልሙን ያየው ማታ ቤቱ ተከታታይ ድራማ በሚያይበት ዓይን ነው። ምን እንደሚፈልግ የነገረው የለም፤ ስለዚህ አልፈለገም። ሁለተኛ፣ ፊልም አይጠብቅም። መጽሐፍ ላይ ያልገባንን መስመር በጣታችን ተመልሰን እናነባለን። ፊልም ላይ ግን ምስሉ፣ ተራኪውና ሙዚቃው አንድ ላይ ይመጡና የመጀመሪያው ሐሳብ ቦታ ሳይዝ ሦስተኛው ይደርሳል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን፣ ሁላችንም “ፕላዝማ” የምንለውን ትምህርት የተማረ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። እኔም ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ደብተራችንን ሳንገልጥ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ያልፋል። አስተማሪያችን ጥግ ቆመው ያዩናል፤ እንዳልገባን ያውቃሉ፤ ግን ማቆም አይችሉም። ዛሬ ያ ቁልፍ በእጃችን ነው። ሳንጠቀምበት ከቀረን ከፕላዝማው የተሻልንበት ነገር የለም።

መፍትሄው፦ ከአንድ ሰዓት ፊልም ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ምረጡ። ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። የምታቆሙበትን ቦታ ቤት ሆናችሁ በደቂቃና በሰከንድ ማስታወሻችሁ ላይ መዝግቡ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ደባሁ በተባለው አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምድር ክፍል በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ ስምጥ ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ይህን የሚያሳይ ምስል ሳሳይ አስቀድሜ የምጽፈው ጥያቄ “መሬቱን የከፈተው ምንድን ነው?” የሚል ነው። ስንጥቁ በደንብ እንደታየ አቆማለሁ። “ከመሬቱ በታች ያለውን በደብተራችሁ ሳሉ” እላለሁ። ሁለት ደቂቃ። አንዱ ባዶ ጉድጓድ ይስላል፣ ሌላው ውሃ፣ ሌላው እሳት። ከዚያ በኋላ ነው የቀለጠው ዐለት ከታች ተገፍቶ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲገባ የሚያሳየውን አኒሜሽን የምከፍተው። ልጆቹ አሁን ፊልሙን ከራሳቸው ስዕል ጋር እያስተያዩ ነው የሚያዩት። “ኧረ እኔ ተሳስቻለሁ!” የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ሲሰማ ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው።

ሁሉም “ገብቶናል” ይላሉ፣ ፈተና ላይ ግን የድሮውን መልስ ይጽፋሉ

በዚህኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ዓመት ያደከመኝ እሱ ነው።

የምድርን ዙረት የሚያሳይ ያማረ አኒሜሽን አሳየሁ። ገብቷቸዋል ብዬ ፈተና ሳወጣ ግማሹ ክፍል “ሙቀት የሚጨምረው ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ነው” ብሎ ጻፈ። ይህ የእኛ ልጆች ብቻ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ አንድ አጭር ዘጋቢ ፊልም ላይ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን ስለ ወቅቶችና ስለ ጨረቃ መልክ መለዋወጥ ከተጠየቁት 23 ተመራቂዎች፣ የቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን 21ዱ በትክክል ማስረዳት አልቻሉም።

መንስኤው፦ ልጁ ባዶ ጭንቅላት ይዞ አይመጣም። “ወደ እሳት የቀረበ ይሞቀዋል” የሚል እውቀት ከምድጃ ዳር ይዞ ይመጣል፤ ፊልሙ የሚናገረውንም በዚያው ላይ ይለጥፈዋል። ዴሪክ ሙለር የተባሉ የፊዚክስ ተመራማሪ በ2008 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት በሠሩት ጥናት ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳ ቪዲዮ ተማሪዎቹ “ግልጽ ነው” ይሉታል እንጂ ብዙም አይማሩበትም። የተለመደውን ስህተት ፊት ለፊት አውጥቶ የሚሞግተው ግራ ቢያጋባቸውም የበለጠ ያስተምራቸዋል። አኒሜሽኖቹ ራሳቸውም ስህተቱን ያግዙታል፤ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረውን የምድር ምህዋር እንደ እንቁላል አርዝመው ይስሉታል።

እኛ ጋ ደግሞ የቋንቋ ወጥመድ ይጨመርበታል። ፊልሙ “ሰመር” ሲል ተርጓሚው “በጋ” ብሎ ይጽፋል፤ መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ይላል። ስዕሉ ላይ ግን የሐምሌ ወር ነው፣ የአውሮፓ ልጆች ባሕር ዳርቻ ይዋኛሉ። የእኛ ልጅ በሐምሌ የሚያውቀው ጭቃና ደመና ነው፤ ለእሱ ሐምሌ ክረምት ነው። አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ “ቲቸር፣ እኛ ከምድር ወገብ በታች ነን ማለት ነው?” አለኝ። ፊልሙንና ሰማዩን ላስታርቅ ብሎ ያሰበው ነው፤ አስተሳሰቡም ጤናማ ነበር። ስህተቱ የትርጉሙ ነው። እኛም ከእነሱ ጋር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነን። የእኛን ክረምት ክረምት ያደረገው ዝናቡ ነው፤ እነሱ የሚቆጥሩት ሙቀትና ቅዝቃዜን ነው።

መፍትሄው፦ ከፊልሙ በፊት ልጆቹ መልሳቸውን ይጻፉ፣ እጅ በማውጣትም ይቆጠር። ቀጥሎ ስህተቱን የሚያናጋ አንድ እውነት ጣል አድርጉ። የእኔ ይህ ነው፦ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም የምትርቀው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ 152 ሚሊዮን ገደማ። በገና ሰሞን ደጋው ላይ ውርጭ ማሳ የሚያቃጥልበት ጊዜ መሆኑን ልጆቹ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይንጫጫል። አኒሜሽኑን ያኔ ክፈቱት።

ከተቻለ በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢ ውስጥ ዱላ ትከሉ። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ሰማዩ ከተከፈተ ወደ ደቡብ ይዞራል። ወቅቶችን የሚለዋውጠውን የምድርን መዘንበል ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ፊልም አላየሁም።

“ደማችን ሰማያዊ ነው”፣ “ፕላኔቶቹ ይጋጫሉ”፣ “አፍሪካ በቅርቡ ልትከፈል ነው”

ሦስቱም ከአንድ ምንጭ የሚመጡ ናቸው፦ አኒሜሽን ለማስረዳት ሲል ቀለምን፣ መጠንንና ጊዜን ይለውጣል፤ መለወጡን ግን አይናገርም።

ደም መልስ በሰማያዊ የሚሳለው ከደም ቅዳ እንዲለይ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ደም የተቀዳለት ልጅ ይመስክር፦ ከክንድ የሚቀዳው ከደም መልስ ነው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

ፕላኔቶቹን ሜዳ ላይ አውጧቸው። ምድርን አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነች ሽምብራ ብናደርጋት ጨረቃ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃ የተቀመጠች ትንሽ ፍሬ ትሆናለች፤ ፀሐይ ደግሞ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክብ ሆና 117 ሜትር ትርቃለች። የእኛ ግቢ አልበቃም፤ ፀሐይዋን የያዘው ልጅ ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመ።

አህጉሮች ሲለያዩ የሚያሳየው አኒሜሽን 200 ሚሊዮን ዓመትን በ20 ሰከንድ ቢያሳልፍ አንዱ ሰከንድ 10 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህን ማካፈል ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይሥሩት። ከዚያ ጥፍራቸውን ይዩ፦ የመሬት ንጣፎች በዓመት የሚንቀሳቀሱት በጥቂት ሳንቲ ሜትር፣ ጥፍር በሚያድግበት ልክ ነው፤ የእኛ ስምጥ ሸለቆ መሐል አገር ላይ ከዚያም ያነሰ ነው።

“ዘጋቢ ፊልም ስለሆነ እውነት ነው”

ልጆች ካርቱን የተሠራ መሆኑን ያውቃሉ፤ ዘጋቢ ፊልም ግን የተሠራ አይመስላቸውም። ለዚህ የማልተወው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የዲዝኒ “ኋይት ዊልደርነስ” ነው። ሌሚንግ የተባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ከገደል ራሳቸውን ወደ ባሕር ሲወረውሩ ያሳያል፤ ኦስካርም ተሸልሟል። በ1982 እ.ኤ.አ. የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት ቦታው ባሕር የሌለው የአልበርታ ግዛት ነበር። እንስሳቱ ከሌላ አካባቢ ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ ከገደሉ ያወረዷቸውም ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው። ሌሚንጎች ራሳቸውን ያጠፋሉ የሚለው ተረት ግን እስከ ዛሬ አለ።

መፍትሄው፦ “ካሜራው የት ቆሞ ነበር? ከዚያ ርቀት የእንስሳው ኮቴ ይሰማል?” ብሎ ማስጠየቅ። ከሩቅ የተቀረጸ አውሬ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ስቱዲዮ የተጨመረ ነው። እኔ የሰሜን ተራሮችን ጭላዳዎች የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ድምፁን አጥፍቼ ሁለት ጊዜ አሳያለሁ፤ መጀመሪያ በስልኬ ዋሽንት፣ ቀጥሎ ፈጣን ከበሮ እየከፈትኩ። በዋሽንቱ “አዝነዋል፣ ልጃቸው ሞቶባቸው ይሆናል” ይላሉ። በከበሮው “ሊጣሉ ነው”። ጭላዳዎቹ ሁለቱንም ጊዜ ሣር ነው የሚነጩት።

እንግሊዝኛው አይያዝም

ተራኪው ለአገሩ ሕፃን ነው የሚናገረው፤ እኛ ክፍል ያለው ልጅ በዚያ ፍጥነት አይከተልም። ድምፁን አጥፉትና ራሳችሁ በአማርኛ፣ ወይም ልጆቹ በሚሰሙት ቋንቋ፣ ተርኩት። መጀመሪያ ያለ ምንም ድምፅ ይዩና ያዩትን ይናገሩ፤ በሁለተኛው ዙር እናንተ ተርኩ። ጎበዝ ቡድን ካለ ተራኪነቱን ለእሱ ስጡት። በዚህ መንገድ ካስተማርኩት ውስጥ የተረሳ ጥቂት ነው።

የዕቃው ነገር

ምስሉ ከፈዘዘ፦ ምስሉን አሳንሱት። ፕሮጀክተሩን ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ የምስሉን ስፋት በግማሽ ብትቀንሱ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይደምቃል። ከመስኮት ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ተዉት።

ድምፁ ከተዘበራረቀ፦ የቆርቆሮ ጣራና ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል። ስፒከሩን ከፊት አንስታችሁ ክፍሉ መሐል፣ በልጆቹ ጆሮ ከፍታ አድርጉት።

ፋይሉ ፍላሽ ላይ አልገባም ካለ፦ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። አምስት ደቂቃውን ብቻ ቆርጣችሁ ውሰዱ።

ቴሌቪዥኑ ድምፅ አውጥቶ ምስል ከከለከለ፦ ቪዲዮው ኤች 265 (H.265) በተባለው አዲስ የመጭመቂያ ዘዴ የተጨመቀ ሊሆን ይችላል፣ የቆዩ ቴሌቪዥኖች አይከፍቱትም። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቀድሞው ዘዴ፣ ወደ ኤች 264፣ ቀይሩት፤ ቤት ሆናችሁ፣ ከዋዜማው።

የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከመጣ፦ ፋይሉን ስታስቀምጡ የጽሑፍ ኮዱን ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) አድርጉት፤ ቪኤልሲ (VLC) በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ምረጡ። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ “ጂ” እና “ኤች” ቁልፎች ያስተካክሉታል።

አንድ ልጅ አለቀሰ

አንድ ጊዜ የታሪክ ፊልም ከፍቼ የጦርነት ምስል ድንገት መጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለች ልጅ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ከተፈናቀለ ቤተሰብ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ፊልሙን ግን እስከ መጨረሻው ቀድሜ አላየሁትም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላየው የማሳየው ነገር የለም። የሞት፣ የደም ወይም የተኩስ ድምፅ ካለ አስቀድሜ እናገራለሁ፣ መውጣት የፈለገ ምክንያት ሳይጠየቅ ይወጣል፤ ድምፁንም አጠፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ድምፁ ነው።

መብራት ሄደ

ላፕቶፑ ባትሪ ካለው እንኳ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ከመግባቴ በፊት የቪዲዮውን አራት ወሳኝ ቅጽበቶች በእጄ ወረቀት ላይ እስላለሁ፤ ትልቅ አድርጌ፣ በማርከር። መብራቱ ሲሄድ ያየናቸውን ወረቀቶች ሰሌዳው ላይ እለጥፍና ለቀሩት ባዶ ቦታ እተዋለሁ። “ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስላችኋል?” እላለሁ፤ ጠመኔውን ለመጀመሪያው እጅ እሰጣለሁ።