የነርቭ ሴሎችን ወሬ በወረቀት ኳስ ማስተማር

ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነርቭን «እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው» ብዬ እገላገለው ነበር። ተማሪዎቹ ገባን ይላሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ታዲያ ሽቦው መሃል ላይ ለምን ይቆረጣል?» አለችኝ። የመጽሐፉ ሥዕል ላይ በሁለት ሴሎች መካከል ያለችውን ክፍተት እየጠቆመች ነው። ተንተባተብኩ። ከዚያ ወዲህ ሽቦውን ትቼ በወረቀት ነው የማስተምረው። እናንተም ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ስድስት ሰባት ሰው እና አንድ ያለቀ ደብተር ይበቃል። ወረቀቱን እየቀደዳችሁ ትንንሽ ኳስ አድርጉት። ለአንድ ሰው አስር አስር ያህል። ጥቂቶቹን ቀይ ቀቡ፣ ኋላ እንመጣባቸዋለን።

ሰዎቹን ጎን ለጎን አሰልፉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የነርቭ ሴል ነው። የተዘረጋው ግራ መዳፉ መልእክት ይቀበላል፤ ዴንድራይት የሚባለው ነው። ቀኝ ክንዱ መልእክቱን ወደ ጎረቤት የሚያደርሰው፣ አክሰን የሚባለው ነው። ኳሶቹ ደግሞ ሴሉ ለጎረቤቱ የሚለቃቸው ኬሚካሎች ናቸው። ኳሶቹን በቀኝ እጁ ጨብጦ ከጎረቤቱ ግራ መዳፍ በላይ ይይዛል። እጅ ለእጅ መነካካት ክልክል! ያቺ ክፍተት ሲናፕስ ናት። እውነተኛዋ ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር ብቻ ነው ስፋቷ። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣታል።

አሁን ጨዋታው። መዳፋችሁ ላይ አንድ ኳስ ቢወድቅ ዝም በሉ። ሁለትም ቢሆን ዝም። ሦስተኛው ሲወድቅ ብቻ ቀኝ እጃችሁ ሦስት ኳስ ይጥላል። ግማሽ መጣል የለም፤ ወይ ትጥላላችሁ ወይ አትጥሉም። ሴሉም እንዲሁ ነው። ሲያርፍ ውስጡ ከውጪው አንጻር ወደ −70 ሚሊቮልት ይሆናል። ወደ −55 ከደረሰ በሮቹ ይከፈቱና ሶዲየም እየተግተለተለ ይገባል። ውስጡ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጣል። ከዚያ ፖታሲየም ወጥቶ ይመልሰዋል። አንድ ቦታ ላይ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ነው። ግልበጣው እንደ ማዕበል በአክሰኑ ላይ ሮጦ ጫፉ ሲደርስ ካልሲየም ይገባል። ጭብጡን የሚያስከፍተው እሱ ነው።

ፍጥነቱ እንደ ነርቩ ዓይነት ይለያያል። ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን የተጠቀለሉት ፈጣኖቹ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ። ሽፋን የሌላቸው የሕመም ነርቮች ግን 1 ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት። የእግር ጣታችሁን ጠረጴዛ ሲመታው መጀመሪያ ግጭቱ ይሰማችሁና «ወይኔ፣ አሁን ሊያመኝ ነው» ለማለት ፋታ የምታገኙት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። የተቀበሉትን ኳስ ራሱን ለሚቀጥለው ሊያቀብሉ ይሞክራሉ። እዚህ ጋ አስቁሟቸው። ኳሷ አታልፍም፤ የሚጣለው ከራሳችሁ ጭብጥ ያለው ነው። እያንዳንዱ ሴል መልእክቱን እንደ አዲስ ነው የሚናገረው። ሽቦ ላይ ይህ የለም። መልእክቱ ጠንከር ሲልም ኳሱ አይተልቅም፣ ቶሎ ቶሎ ይጣላል እንጂ። (ሴሎቹ በቀጥታ ተያይዘው ኤሌክትሪኩ ራሱ የሚያልፍበት ሲናፕስም አለ። ለመጀመሪያው ቀን ግን እሱን አታንሱት።)

አንድ ተጠራጣሪ «ኬሚካል መሆኑን በምን አወቁ?» ማለቱ አይቀርም። ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣውን ሙከራ ንገሩት። የአንድ እንቁራሪት ልብ የሚመታበትን ፍጥነት፣ ወደ ልቡ የሚሄደውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ነክቶ ቀነሰው። ከዚያ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ የሌለው ሌላ ልብ ላይ አደረገ። ሁለተኛውም ቀነሰ! ሐሳቡ በእንቅልፍ ልቡ እንደመጣለት ሎዊ ራሱ ተናግሯል። ማታ የጻፈውን ጠዋት ማንበብ አቅቶት፣ በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ሲደገም ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪው ሮጠ። ፈሳሹ ውስጥ የነበረው ነርቩ የለቀቀው ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊን ነው።

ሲለምዱት ቀዮቹን አስገቡ። ቀይ ከወደቀች ከነጮቹ አንዷን ትሰርዛለች። አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባለው ኬሚካል የሚሠራው እንዲህ ያለውን ነው። ሰልፉ ወዲያው ቀዝቀዝ ሲል ታያላችሁ።

አሁን ግን መዳፎቹ ሞልተዋል። አንድ ሰው እየዞረ ያገለገሉትን ኳሶች እንዲለቅም አድርጉ። እኔ ሁሌም የማይቀመጠውን ልጅ ነው የምመርጠው። የአሴቲልኮሊን ለቃሚ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ይሰባብረዋል። ሌሎቹ ኬሚካሎች ባብዛኛው ተመልሰው ይመጠጣሉ።

ልጁ ሁለት ሦስት ዙር እንደለቀመ ሹክ በሉትና ቁጭ ይበል። መዳፉ ላይ ሦስት ኳስ እስካለ ድረስ የመዳፉ ባለቤት መጣሉን አያቆምም። ማንም ሳያዛቸው ይጥላሉ፣ ይጥላሉ፣ በመጨረሻ ጭብጣቸው ባዶ ይሆናል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ መርዞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለቃሚውን ያስቀምጡታል። ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይዝላል፣ መተንፈስም ያቅታል። ባለፈው ይህን ስናደርግ ቁጭ ያለው ልጅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተነሳና ሳልነግረው መልቀም ጀመረ።