ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ አዕዋፍንና ጭላዳን መመልከት በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ከአንኮበር ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል እስከ መንዝ ጓሳ የሚዘልቀው ገደል የዱር እንስሳትን ለማየት ለሚወጣ ሰው እጅግ የተመቸ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ተጓዥ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቀኑን ይጨርሳል። ጭላዳ ሌሊቱን በገደሉ ደረት ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ሣር ፍለጋ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ትልልቆቹ አሞራዎችም ገደሉ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር በዚያው ነፋስ እየተንሳፈፉ በአፋፉ ፊት ያልፋሉ። ስለዚህ ዋናው ሥራ አንድ ጥሩ አፋፍ መርጦ በማለዳ መድረስና ከዚያ አለመነቃነቅ ነው።

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው፤ በክረምት ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው ተመልካቹ ደመና አይቶ ይመለሳል። በጓሳ የመሬቱ ከፍታ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ስለሚደርስ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ በእኔ አስተያየት የመንዝ በርኖስ ነፋስን በመመከት ከብዙ ጃኬት ይበልጣል። ባይናኩላር ሲመረጥ 8 በ42 የሚባለው፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያቀርበውና የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነው ልክ ይበቃል፤ 12 እጥፍ የሚያቀርበው በነፋሻማ አፋፍ ላይ በእጅ ሲያዝ ምስሉ ስለሚንቀጠቀጥ ጥቅሙ ይቀንሳል።

የመቀመጫው ምርጫ ከመሣሪያው ይልቅ ያስፈልጋል። ይህ ገደል በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ የሚያይ በመሆኑ፣ ጠዋት ፊት ለፊት የሚመለከት ሰው ፀሐይ ዓይኑን ስለምትወጋው የሚያልፈው አሞራ ሁሉ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታየዋል። መፍትሔው ወደ ውጭ ወጣ ካለ ጠርዝ ላይ፣ ነገር ግን ከጫፉ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መቀመጥና ገደሉን ተከትሎ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መመልከት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባ ስለምትሆን ፊት ለፊት ማየትም ይቻላል።

ጭላዳዎቹ ሲወጡ ተቀምጦ መጠበቅ እንጂ ወደ እነርሱ መሄድ አይገባም። ሣር በጣታቸው እየነጩ በቂጣቸው ፎቀቅ ፎቀቅ ስለሚሉ፣ ዝም ያለ ሰው አጠገብ በራሳቸው ጊዜ ይደርሳሉ። ሲደነግጡ የሚሸሹት ወደ ገደሉ ነውና በእነርሱና በገደሉ መካከል ፈጽሞ መግባት አይገባም። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ተመልካቹ ቀርቧል ማለት ስለሆነ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበል። ዳቦ መወርወር ደግሞ ጭላዳውን ከገበሬው ማሳ ጋር የሚያጣላ ልማድ ያስተምረዋል።

ከጠዋቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ጀምሮ ዓይን ወደ ሰማይ ይዞራል። እዚህ ላይ ቀለምን ከማየት ጅራትን ማየት ይቀድማል፤ ቀለም በብርሃንና በዕድሜ ይለዋወጣል፣ የጅራት ቅርጽ ግን ከሩቅም አያሳስትም። ጺማሙ ጥንብ አንሳ ረጅምና ጠባብ ክንፍ፣ እንደ ሽብልቅ የሾለ ረጅም ጅራት አለው፤ ሌሎቹ ትልልቅ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸው ሰፊ፣ ጅራታቸው አጭር ነው። የጎልማሳው ሆድ ዝገት የመሰለ ቀለም የሚይዘው ብረት ባለበት አፈርና ውኃ ላባውን ስለሚነክር ሲሆን፣ ገና ያልጎለመሰው ግን ጥቁር ቡናማ ነው። ይህ ወፍ አጥንት ተሸክሞ ወደ ላይ ከወጣ ባይናኩላሩን ከእርሱ ላይ ማንሣት አይገባም፤ አጥንቱን ከዓለት ላይ ጥሎ ከሰባበረው በኋላ ወርዶ ይበላዋል። ቁራዎችም በጅራት ይለያሉ፦ ጅራቱ በጣም አጭር ሆኖ ከክንፉ በስተኋላ እምብዛም የማይወጣው አንደኛው የቁራ ዓይነት ነው፤ ትልቅ ወፍራም ምንቃርና ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ደግሞ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአንኮበር አካባቢ የተገኘው፣ የአንኮበር ሴሪን የተባለው ትንሽ ወፍ ግን በሰማይ አይፈለግም። ግራጫ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ጥሬ በል ስለሆነ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል፤ በአፋፉ ላይ በመንጋ ወርዶ ዘር ሲለቅም ነው የሚገኘው። ከዓይኑ በላይ ጉልህ ነጭ መስመር ያለው ሌላ ዝንጉርጉር ወፍ ብዙ ሰው ያሳስታልና ፊቱን ደኅና አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ቀይ ቀበሮን ማየት የሚፈልግ ሰው ነዋሪው ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ወዳቆየው ወደ ጓሳ ይሂድ፤ የማኅበረሰቡን ጠባቂም (ስካውት) ይዞ ይውጣ። ቀበሮውንና ጭላዳውን በአንድ ጊዜ ማየት የሚቻልበት መንገድ የጭላዳውን መንጋ አስቀድሞ ማግኘት ነው። በዚሁ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመንጋው መካከል በእርጋታ የሚራመድ ቀይ እንስሳ ካለ ዓይንን ከእርሱ አለመንቀል ይገባል። ውሻ ይዞ መሄድ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድ፤ ቀበሮዎቹን ከሚያጠቋቸው በሽታዎች ዋነኞቹ ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ናቸው።